የተማሪ ስንቅ፦ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

በሰሜን ወሎ የትምህርት ዋጋ ለመምህር ወይም ለተቋም በሚከፈል ገንዘብ ብቻ ተለክቶ አያውቅም። ከዚያ የሚከብደው የተማሪው ቀለብ፣ ማደሪያና ከቤት ርቆ የሚያሳልፈው ዘመን ነው። ወልድያ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደሴው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከእነዚህ ከተሞችና ከዙሪያቸው ገጠር ተነሥቶ ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሰው በየዘመኑ የገጠመው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ እስኪመረቅ ድረስ ስንቁን የሚችለው ማን ነው? ዛሬ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር ርካሽ ኮሌጅ የሚያፈላልግ ወጣትም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም።

የጥንቱ መልስ የአገሬው ሰው ነበር። በዞኑ የሚገኘው ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስሙ የገነነ አገር ነው፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የአብነት ተማሪ ለየኔታ ገንዘብ አይከፍልም። እንጨት ይሰብራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እርሻ ያግዛል። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ቀለቡን ደግሞ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ልመናው የሥርዓቱ አካል በመሆኑ አያሳፍርም፤ ሰጪውም የሚሰጠው ለትምህርቱ ነው። በዚህ መንገድ የደኻ ልጅም ቢሆን ቅኔ ሊቀኝ፣ ዜማ ሊያዜም፣ መጻሕፍት ሊተረጉም ይችል ነበር። ዋጋው ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው ከንባብ ተነሥቶ መምህር እስኪሆን አሥርና ሃያ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል።

በእስልምናው በኩልም ሥርዓቱ ይመሳሰላል። በየጁ የሚገኘው ዳና በ19ኛው መቶ ዘመን በወሎ ከታወቁት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዱ ነበር። ዳንዩል አወል በሚል ስም የሚታወቁት ሼኽ አሕመድ ኢብን አደም እ.ኤ.አ. በ1903 እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ከዚሁ ማዕከል ጋር ተያይዞ ይነሣ ነበር። ከሩቅ የሚመጣው ደረሳ ፊቅሁንና የዐረብኛ ሰዋስውን ከሼኹ ሲቀስም፣ ቀለቡን የሚችሉት ሼኹና የአካባቢው ምእመናን ነበሩ። በሁለቱም ሥርዓቶች ዕውቀቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቀለቡን ማኅበረሰቡ ይሸፍናል፤ ተማሪውም በጉልበቱና በዕድሜው ይከፍላል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ስንቁን የመቻል ኃላፊነት ከመንደሩ ወደ መንግሥትና ወደ ቤተሰብ ተዛወረ፤ ርቀቱም ጨመረ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከየጁና ከላስታ የሚነሡ ብዙ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ደሴ ድረስ መውረድ ነበረባቸው። በዚያ ዋናው ትምህርት ቤት በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስኂን ነበር። ከዚያ በላይ ያለው አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ተማሪው ትምህርቱን፣ ምግቡንና መኝታውን በነጻ ያገኝ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን አዳሪነቱ ቀርቶ አነስተኛ የወር ገንዘብ ይሰጠው ጀመር። ለአዲስ አበባ ልጅ ለውጡ ቀላል ነበር። ከወልድያ ለሄደው ግን ቤት ፈልጎ መከራየትንና ምግቡን ራሱ መቻልን አስከተለ።

ደርግ ዩኒቨርሲቲውን በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ተማሪዎቹን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ከዘመቻው በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ምግብና መኝታ በነጻ ያገኝ ነበር፤ የማትሪክን ወንፊት የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የነበራቸው አዲስ አበባ፣ አለማያና አሥመራ ብቻ ነበሩ። ለሀብሩ ገበሬ ልጅ ወንበሩ ነጻ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው አይደርሰውም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠ፤ ወንበሩ ሲበዛ ነጻነቱ ቀነሰ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 የወጪ መጋራትን ሥርዓት አስገባ፤ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወሰነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ተደረገ። ገንዘቡን የሚከፍለው ሲገባ ሳይሆን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። የገበሬ ልጅ ዛሬ ገንዘብ ባይኖረውም ውል ፈርሞ መግባት ቻለ። ዕዳው ግን ይከተለዋል፤ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለመውሰድ ሲሄድ ይጠየቅበታል። ስንቁ ከሰው ደጅ በልመና የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ ብድር ሆነ።

በዚያው ዘመን ተቋማቱ ወደ ሰሜን ወሎ እየቀረቡ መጡ። መርሳ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ አገኘች፤ በየቀበሌው የሚመደቡ የልማት ሠራተኞችም ሠለጠኑባት። በወልድያ የመምህራን ኮሌጅና የቴክኒክ ሙያ ተቋም ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ሥራ ጀመረ፤ የኢንፎርማቲክስ ትምህርቶቹ ኮምቦልቻ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሰጣሉ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በኋላም የግብርና ትምህርቱን መርሳ ላይ በከፈተው ግቢ መስጠት ጀመረ።

የቦታ መቅረብ ግን ብቻውን ወጪ አልቀነሰም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምርጫውን ቢያስመዘግብም የሚመደበው ከማዕከል ነውና። የመርሳ ልጅ ጂማ ሊደርሰው፣ የጂማ ልጅ ወልድያ ሊመጣ ይችላል። ምደባው የራቀበት ቤተሰብ የአውቶቡሱን፣ የልብሱንና የኪስ ገንዘቡን ከእህል ሽያጭ ያወጣል። መቅረቡ በይበልጥ የጠቀመው ከመደበኛው ምደባ ውጭ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ከፍሎ የሚማረውን ነው። የገጠሩ ልጅ ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ አዲስ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከቤቱ ስንቅ እያመጣ የተማረ ብዙ ነው።

ኮምፒዩተር ሳይንስ ወደዚህ አካባቢ የደረሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የ70 በ30 ፖሊሲ ነው። ከአዲስ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ እንዲመደቡ ሲወሰን፣ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ከፈቱ። ሁለተኛው በአዲስ አበባ የጀመሩት የግል ኮሌጆች ናቸው። ሂልኮ በኮምፒዩተር ሳይንስ ላይ ብቻ አተኩሮ ሲያስተምር፣ ዩኒቲን የመሳሰሉት ከሌሎች ሙያዎች ጋር አያይዘው አስተማሩ። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፉ ልጁ ከቤቱ ሳይርቅ፣ ከሥራው ሳይለይ መማር ቻለ። ክፍያው ግን በየሴሚስተሩ በእጅ ይፈለጋል።

የትምህርቱ ርዝመትም ከዋጋው ጋር ይቆጠራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሲሆኑ የዲግሪው ዘመን ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ ኮምፒዩተር ሳይንስም በሦስት ዓመት ያልቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጋራ ዓመት ሲመለስ አራት ዓመት ሆነ። በወጪ መጋራት ለሚማረው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ዕዳ፣ ከፍሎ ለሚማረው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍያ፣ ለሁለቱም ያለ ደመወዝ የሚያልፍ አንድ ተጨማሪ ዓመት ማለት ነው።

ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቤተሰቦች ሌላ ወጪ ማሰብ ጀመሩ፤ እርሱም ደኅንነት ነው። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በተነሣው ግጭት በወልድያም ተማሪዎች ሞቱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ወራት ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰበት። ለኮምፒዩተር ተማሪ ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር የትምህርቱ ዋና መሣሪያዎች በመሆናቸው ጉዳቱ ከሕንፃ ያለፈ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ፈተናዎች የርካሽነትን መለኪያ ለወጡት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 5.4 በመቶ አለፈ። የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ ከተዘጋጁት መንገዶች አንዱ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ወላጅ የሚያነጻጽረው የሴሚስተር ክፍያን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍያው ያነሰ ኮሌጅ ተማሪውን ለመውጫው ፈተና ካላበቃው ወጪው ከንቱ እንደሚሆን ታወቀ።

በአሁኑ ጊዜ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ለሚነሣ የኮምፒዩተር ተማሪ አራት መንገዶች አሉ። አንደኛው ነጥብ አምጥቶ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መመደብ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት ለዓመታት ከ22 ብር ካላለፈ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህም ግቢ የሚበላውን ተማሪም ሆነ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ የሚመገበውን «ነን ካፌ» ይነካል። ሁለተኛው በመንግሥት ወይም በግል ተቋም ከፍሎ መማር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የወጣውን ሕግ ተከትሎ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ይህ መንገድ በመንግሥት ተቋማትም እየሰፋ ነው። ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው፤ በኮምፒዩተር ጥገና፣ በኔትወርክና በዳታቤዝ ሥልጠናዎች በደረጃ እያደጉ የብቃት ምዘናውን አልፎ ቶሎ ሥራ መያዝ ይቻላል። አራተኛው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነጻ ሥልጠና ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የዚህ ምሳሌ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ዲግሪም አይሰጥም፤ መብራት፣ ኢንተርኔትና መሣሪያ ግን ይፈልጋል።

አራቱም የሚለያዩት ወጪው በማን ላይና መቼ እንደሚወድቅ ነው። የመጀመሪያው ዕዳውን ለነገ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው ዛሬውኑ ከቤተሰብ ይወስዳል፤ ሦስተኛው ዘመኑን ያሳጥራል፤ አራተኛው የትምህርቱን ክፍያ ቢያስቀርም የመሣሪያውንና የግንኙነቱን ወጪ ለተማሪው ይተዋል።