ኦቴሎ፦ የተውኔቱ ዐበይት ጭብጦች

ኦቴሎ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር፣ ጣሊያናዊው ጂራልዲ ቺንትዮ እ.ኤ.አ. በ1565 ዓ.ም. ካሳተመው ታሪክ መነሻውን ወስዶ የደረሰው፣ በ1604 ዓ.ም. በንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ቤተ መንግሥት የታየ ባለ 5 ገቢር ትራዠዲ ነው።

ቅናት፦ በቬኒስ መንግሥት የጦር አዛዥነትን ማዕርግ የያዘው ጥቁሩ ኦቴሎ፣ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ከልቡ እየወደዳት፣ በሹመት ታልፌአለሁ ብሎ ቂም የቋጠረው ያጎ በጆሮው ባንቆረቆረው ሐሰት ኅሊናው ታውኮ፣ ንጽሕቲቱን በገዛ እጁ ይገድላታል፤ ይህም ቅናት ተራውን ነገር ሁሉ፣ ወድቆ የተገኘ መሐረብ እንኳ ሳይቀር፣ የክሕደት ምስክር አድርጎ የሚቈጥር ደዌ መሆኑን ያስረዳል።

መምሰልና መሆን፦ ሁሉ ሐቀኛ እያለ የሚያመሰግነው ያጎ ተንኰሉን በወዳጅነት ገጽ ሲሰውር፣ እውነተኛይቱ ዴዝዴሞና ግን ያለ በደሏ ትኰነናለች።

ባዕድነት፦ ኦቴሎ በጀግንነቱ የሚፈለግ፣ በመልኩ ጥቁረት ግን የሚናቅ እንግዳ በመሆኑ፣ ያጎ በሚስቱ ፍቅር ላይ ጥርጣሬን የሚዘራው ይህንኑ ልዩነት እያነሣ ነው።

የሴቶች ቃል፦ የያጎ ሚስት ኤሚሊያ፣ ባልዋ ዝም በዪ እያለ ቢያስፈራራትም፣ ምስጢሩን በአደባባይ ገልጣ በእጁ ትሞታለች፤ የዴዝዴሞናም ንጽሕና የታወቀው፣ ኦቴሎም በጸጸት ራሱን የገደለው፣ በዚህች ሴት ምስክርነት ነው።

ተውኔቱን ወደ አማርኛ የመለሰው ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው።