ስለ ማስመስከር
በዜማ ቤት የድርሰትና የመሣሪያ ምርጫ

በዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወስናል፤ ይኸውም በምን መሣሪያ እንደሚጫወትና የትኛውን ድርሰት እንደሚያሰማ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ቤት ግን ይህ ምርጫ ለተማሪው የተተወ አይደለም። ድርሰቱን መጽሐፉ፣ መሣሪያውን የዜማው ደረጃና የበዓሉ ወራት ይወስኑታል። ለተማሪው የቀረለት ምርጫ በየትኛው ቤትና በማን ፊት እንደሚያስመሰክር መወሰን ብቻ ነው። ይህም ምርጫ አነስተኛ መስሎ ቢታይም የዜማውን ታሪክ ሲመራው ኖሯል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማውን መነሻ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶችም የእርሱ ናቸው ይባላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው ምልክት እንደ ሠሩለት ይተረካል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ የተባሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ እየተጻፉ ዜማውን ያሳስባሉ። ነገር ግን ምልክቱ አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም፤ ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው በምልክት ብቻ ሊያዜም አይችልም። ስለዚህ መጽሐፍ እያለም ምስክር አስፈለገ።

ምስክርነቱም በየትምህርቱ ለታወቀ ስፍራ ተለየ። ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በኣታ፣ ቅዳሴም በሰለልኩላና በትግራይ ደብረ ዓባይ ይመሰከር ጀመር። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ «የኔታ» ብሎ በሚጠራው መምህር ፊት የተማረውን እንደ ገና ያዜማል። የዮሐንስን አዚሞ አስተምህሮን መተው፣ ጾመ ድጓን ይዞ ፋሲካን መዝለል አይፈቀድለትም። ድጓውን በብራና መገልበጥም ከትምህርቱ ስለሚቈጠር፣ ተማሪው ከድምፁ ጋር የእጁን ጽሑፍ ያሳርማል። ዝማሬም የሚማር ኅብስትን፣ ጽዋዕን፣ መንፈስን፣ አኰቴትንና ምሥጢርን አምስቱንም ሊያውቅ ይገባል። የተመሰከረለት ሰው በሄደበት ደብር ወንበር ዘርግቶ ለማስተማርና በመሪጌትነት ለማገልገል ይታመናል፤ ያልተመሰከረለት ግን ድምፁ ቢያምርም ይጠረጠራል።

የመሣሪያው ነገር በአቋቋም ይታያል። መሣሪያዎቹ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ናቸው። አንዱ ቃል በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፤ በቁም ጸናጽሉ ይገባል፤ በመረግድ ከበሮው ይመታል፤ በጽፋት ጭብጨባ ተጨምሮ ፍጥነቱ ይበረታል። ስለዚህ ተማሪው አንዱን መሣሪያ መርጦ ሌላውን ሊተው አይችልም፤ አንዱን ቃል በየደረጃው ማወቅ አለበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ካህናቱም በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። መሣሪያው የሚያዝበት ብቻ ሳይሆን የሚተውበትም ጊዜ ከዕውቀቱ ይቈጠራል።

እንዲህ ባለ ጥብቅ ሥርዐት አዲስ ነገር በምን በር ይገባል ቢባል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደሚተረከው በቀልዳቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና መቋሚያውንና ሰውነትን እንደ ውኃ ሞገድ ከጎን ወደ ጎን የሚያወዛውዝ አዲስ አቋቋም አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ልጃቸው ተክሌ ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ ስሙም «ተክሌ» ተባለ። አዲሱ ስልት የቀደመውን ቤት ፈተና ለማለፍ አልጠበቀም፤ የራሱን ቤት አቁሞ የራሱን ምስክሮች አፈራ እንጂ።

በድጓም እንዲሁ ከቤተ ልሔም ሌላ የቆማና የአጫብር ዜማ አለ። ሦስቱም አንዱን ቃል ይይዛሉ፤ የሚለያዩት በአዜያዜም ነው። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ብዙ ደብር የሚቀበለውን የቤተ ልሔምን ነው፤ ይህም ለእንጀራውና ለማዕረጉ ይበጀዋል። የቀሩት ቤቶች ግን ደቀ መዝሙር ያንሳቸዋል። በብራና ላይ የሰፈረ ቃል መምህሩ ቢሞት ይቀመጣል፤ የአዜያዜሙ ልዩነት ግን የሚቀመጠው በሰው ጕሮሮ ነው። አንድ ቤት የመጨረሻውን መምህር ሳይተካ የቀበረ ዕለት፣ ምልክቱ በመጽሐፉ ላይ እያለ የሚያነበው ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪ ወዴት ሄዶ እንደሚያስመሰክር ሲመርጥ የሚወስነው የራሱን ዕድል ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዜማ እንደሚሰማና የትኛው ዝም እንደሚልም አብሮ ይወስናል።