የለበሳ ዋጋ

መስከረም ላይ ካምፓላ ውስጥ ንቲንዳ መጋጠሚያው አካባቢ ካሉት ቡቲኮች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ተሰቅሎ ልታዩ ትችላላችሁ። ካምፓላ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም፤ የምታውቀው ወቅት ሁለት ዝናብ ነው፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ካፖርቱን ያመጣው የሰሜኑ የፋሽን አቆጣጠር ነው። ኒውዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላንና ፓሪስ የብርዱን ወቅት ልብስ በየካቲት ገደማ በመድረክ ያሳያሉ፤ ልብሱ ከሐምሌና ነሐሴ ጀምሮ ሱቅ ይገባል። የእኛ ሱቆችም ተከትለው ይሰቅሉታል።

በስታይሊስትነቴ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ዘንድሮ የወጣው ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ በየስድስት ወሩ ስለሚለወጥ ደንበኛዬን ከዚያ በፊት አንድ ሒሳብ እንድታሰላ አደርጋለሁ። በሙያው ዓለም «ኮስት ፐር ዌር» ይሉታል። የልብሱን ዋጋ ያዙ፤ ለላውንደሪና ለጥገና የወጣበትን ደምሩ፤ ድምሩን ልብሱ ለተለበሰበት ጊዜ ብዛት አካፍሉ።

በኡጋንዳ ሽልንግ እንየው። 900,000 የተገዛ ካፖርት ሦስት ጊዜ ብቻ ከተለበሰ አንድ ጊዜ መልበሱ 300,000 ፈጀ ማለት ነው። 400,000 የተገዛ፣ ሶሉ በ50,000 የተቀየረ ጥሩ የቆዳ ጫማ በሳምንት ሁለቴ ለሦስት ዓመት ቢደረግ ወደ 300 ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ 1,500 ሽልንግ ወጣበት። በ30,000 የተገዛች፣ አራት ቀን ተለብሳ እጥበት ያበላሻት ሸሚዝስ? 7,500። ርካሽ ብለን የገዛናት ሸሚዝ ከጫማው አምስት እጥፍ ተወደደች።

ለዚህ ሒሳብ የአማርኛ ስም ያስፈልገናል። «ወጪ በልብስ» ብንል የሚቆጠረው ልብሱ ይመስላል፤ የሚቆጠረው ግን መልበሱ ነው። ከለቀመ ለቀማ፣ ከቆጠረ ቆጠራ፣ ከሸመተ ሸመታ እንደሚወጣ ሁሉ ከለበሰ ለበሳ ይወጣል። ስለዚህ «የለበሳ ዋጋ» እላለሁ። እርግጥ እኛ ጫማ እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ነጠላ እናጣፋለን፣ ቦርሳ እንይዛለን፤ ሁሉም መልበስ አይባልም። ቢሆንም በደንበኞቼ አንደበት «የቦርሳው የለበሳ ዋጋ» ሲባል ማንም ግር ሲለው አላየሁም።

ቃሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለውድ ዕቃ ነው። የሻኔል መካከለኛው ክላሲክ ፍላፕ ቦርሳ እ.ኤ.አ. በ2024 አውሮፓ ውስጥ ከ10,000 ዩሮ አልፏል። የለበሳ ዋጋው ወደ 10 ዩሮ እንዲወርድ ባለቤቷ 1,000 ጊዜ ልትይዘው ይገባል፤ በየቀኑ ብትይዘው እንኳ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። እንዲህ ያለ ቦርሳ ገዝቶ ከነከረጢቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ዋጋውን ከነሙሉ ክብደቱ ተሸክሞ ይኖራል። ስስ ቆዳ ወይም ስዊድ ሲሆን ደግሞ የካምፓላን ዝናብና ቀይ አፈር አትርሱ። በዓመት ስንት ቀን ይወጣል? ለዝናብ ወራት ምን አለሽ? እኔ ከመለያ ስሙ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።

ሻጮችም ሒሳቡን ተምረውታል። «ዕድሜ ልክሽን የምትለብሺው ነው፤ ለቀን ስታካፍይው ምንም አይደል» ይሏችኋል። የሚያካፍሉት ገና ላልተለበሰ ቀን ነው። ለበሳ የሚቆጠረው ካለፈው ብቻ መሆን አለበት። በዓመቱ መጀመሪያ መስቀያዎቻችሁን ሁሉ አቅጣጫቸውን ገልብጣችሁ ስቀሉ፤ ልብሱ ተለብሶ ሲመለስ መስቀያውን አስተካክሉ። ከወራት በኋላ እንደተገለበጠ የቀረው መስቀያ ቀጥሎ ምን መግዛት እንደሌለባችሁ ይነግራችኋል።

ከሰሜኑ ወቅት የተረፈው ልብስ ወደ ካምፓላ በሌላ በር ይገባል። በቦንዳ ታስሮ ኦዊኖ፣ በይፋ ስሙ ቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ፣ ይደርሳል፤ አገሬው «ሚቩምባ» ይለዋል፣ እኛ ሰልባጅ። በማለዳ የሚነዱ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) ልጆችን እዩ፤ ወፍራሙን የበረዶ ጃኬት ከፊት ለኋላ ገልብጠው ለብሰውታል፤ ዚፑ በጀርባ፣ ድፍን ጎኑ ለንፋሱ በደረት። አውሮፓ ውስጥ ፋሽኑ አለፈ የተባለ ጃኬት እዚህ በየቀኑ ይለበሳል። እኔ እስካሁን ከዚያ ያነሰ የለበሳ ዋጋ ያለው ልብስ አላየሁም። ዲዛይነር ቦቢ ኮላዴ ደግሞ በቡዚጋሂል መለያው የሚቩምባ ልብስ ፈቶ እንደ አዲስ ይሰፋና «ወደ ላኪው ይመለስ» በሚል ስም መልሶ ወደ ሰሜኑ ገበያ ይሸጠዋል።

ሒሳቡ የማይገዛው ልብስም አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት ወላጆቻችን ቀሚሱ ለዚያ ቀን መድረሱን እንጂ ስንት ቀን እንደሚለበስ አልቆጠሩም፤ ልክ ነበሩ። የኡጋንዳ ሴቶች ጎሜሲም፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ ጎሜዝ ከተባለ የጎዋ ሰፊ ጋር የሚያያዝ፣ የክብር ቀን ልብስ ነው። ልዩነቱ ትከሻው ሹል፣ መቀነቱ ሰፊ ሆኖ ቅርጹ ብዙም ስላልተለወጠ እናት የለበሰችውን ልጅ ለሽምግልና ቀን ብትለብሰው ጊዜ ያለፈበት አይባልም። የእኛ የሐበሻ ቀሚስ ግን ጥለቱና ስፌቱ በየዓመቱ «አዲስ ዲዛይን» እየተባለ ይለዋወጣል፤ ለእንቁጣጣሽ በመንገደኛ ከሽሮ ሜዳ ያስመጣነው ለፋሲካ አሮጌ ይባላል።

የፈታይዋና የሸማኔው የስንት ቀን ድካም በአንድ ቀን ለበሳ ሲያልቅ ያንገበግበኛል። ለቀሚስ የምመክረው ሽመናው ጠንካራ፣ ጥለቱ ጠበብ ያለና ዘመን የማይጠቁም፣ ስፌቱ ሊሰፋና ሊጠብ የሚችል እንዲሆን ነው። ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለሙሽራ ሚዜ ማዋስም ከቁጥሩ ይገባል። የለበሳ ዋጋ የሚሰላው በልብሱ እንጂ በባለቤቱ አይደለም፤ ማንም ትልበሰው፣ በወጣ ቁጥር አንድ ተብሎ ይያዛል።