ዝግባውን ማን ጠበቀው?

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ወጋችን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ሊባኖስ ተራራ ላይ የሚወጣ፣ ከዚያም ገደል ለገደል የሚወርድ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ዌናሙን የሚሉት ግብፃዊ ነበር አሉ። በካርናክ የአምላካቸው የአሞን ቤተ መቅደስ ባለሥልጣን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1075 ገደማ፣ አሞን በበዓሉ ቀን ዓባይ ላይ ለሚንሸራሸርባት ጀልባ እንጨት አስፈልጎ ኖሮ ከሊባኖስ ዝግባ አምጣ ተብሎ ተላከ። በመንገድ ላይ ሳለ የገዛ መርከቡ ሰው ወርቁንና ብሩን ሰርቆት ጠፋ። ባዶ እጁን ጌባል ደረሰ፤ ግሪኮች ቢብሎስ ያሏት፣ ዛሬ ጁቤይል የምትባለው ከተማ ናት። የጌባል ገዥ ዘካርበዓል መልእክተኛ ሰዶ ከወደቤ ውጣልኝ አለው። በማግሥቱም ሰደደ። በሠልስቱም። 29 ቀን ሙሉ ያው መልእክት፣ ያው ቃል!

በመጨረሻ ፊት ለፊት ሲገናኙ ዌናሙን ደረቱን ነፍቶ አባትህም አያትህም ሰጥተዋል፣ አንተም ትሰጣለህ አለ። ገዥው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የአባቶቹን የሒሳብ መዝገብ አስወጥቶ አስነበበው። ለካ ግብፅ እንጨቱን ትወስድ የነበረው ከፍላ ነው። ዌናሙን ምን ይበል! ወደ አገሩ ላከ፤ ወርቅና ብር፣ 500 የበሬ ቆዳ፣ 500 ገመድ፣ 20 ጆንያ ምስር፣ 30 ቅርጫት ዓሣ መጣለት። ያን ጊዜ 300 ሰውና 300 በሬ ተራራ ወጣ። የተቆረጠው ግንድ የበረዶውን ወራት እዚያው ተጋድሞ ከረመና በበጋ እየተጎተተ ባሕር ዳር ወረደ።

ይህ ታሪክ በፓፒረስ ተጽፎ ተገኝቷል። ሊቃውንቱ አንዱ እውነተኛ ዘገባ ነው፣ ሌላው የለም ልብ ወለድ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ይከራከሩ። እኔን የያዘኝ መዝገቡ ነው። የሊባኖስ ዝግባ ያኔም ባለቤት ያለው፣ ዋጋ የወጣለት፣ በጽሑፍ የሰፈረ ሸቀጥ ነበር። ዌናሙን ደግሞ የመጀመሪያው ደንበኛ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ 1,500 ዓመት ያህል ቀድሞ ፈርዖን ስነፍሩ 40 መርከብ ሙሉ አስመጥቷል። በልጁ በኩፉ ፒራሚድ ጥግ የተቀበረችው፣ በ1954 ከመሬት ውስጥ የተገኘችው 43 ሜትር የምትረዝም መርከብም ከዚሁ እንጨት የተሠራች ናት። ኪራም ለሰሎሞን የላከውንማ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፈ ነገሥት ይተርከዋል።

ዛፉ ከእኛው ዝግባ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም፤ የፓይን ወገን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በረዶ በሚያድርበት የኖራ ድንጋይ ላይ ያድጋል። እንጨቱ ይሸታል፣ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ቶሎ አይበሰብስም። ያስፈጀውም ይኸው መልካምነቱ ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ መጥረቢያ ማን ያዝ አደረገው? የመጀመሪያው ዘብ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። ከ117 እስከ 138 የነገሠው ሐድሪያን ሰዎቹን ሰዶ በሰሜን ሊባኖስ ቋጥኞች ላይ ምልክት አስቀረጸ። ቃሉ አጭር፣ ፊደሉ በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው፤ ሲፈታ አራት ዓይነት ዛፎች የንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፣ የቀረው የግለሰብ ነው ማለት ነው። ከ200 በላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ተገኝቷል፤ አንዳንዱ ሰው በማይደርስበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። አስጎብኚዎች ይህን የዓለም የመጀመሪያው የደን ጥበቃ ሕግ እያሉ ያወድሱታል። እኔ አላጨበጭብም። ሐድሪያን ዛፉን የፈለገው ለራሱ ነው። ከጌባሉ ገዥ የሚለየው መዝገቡን ድንጋይ ላይ በመጻፉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገደሉ እንውረድ።

ከቤይሩት በስተ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ብሸሪ የምትባል ከተማ አለች፤ ደራሲው ካሕሊል ጂብራን በ1883 የተወለደባት። ከበላይዋ የሊባኖስ ከፍተኛው ጫፍ፣ 3,088 ሜትር የሆነው ቁርነት አስ-ሰውዳ፣ ከበታቿ ደግሞ የቃዲሻ ሸለቆ። የበረዶው ውሃ በኖራው ድንጋይ ሰርጎ ገብቶ ከዋሻ ይፈልቃል፤ ወንዝ ሆኖ እስከ ትሪፖሊ ድረስ ይወርዳል። የሸለቆው ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ በገደሉ ወገብ ዋሻ፣ በዋሻው ውስጥ ገዳም። ሠራዊት ለመውጣት የሚቸገርበት፣ ግብር ሰብሳቢ የሚሰንፍበት አገር ስለሆነ የተሰደደ ሁሉ ወደዚህ ነው የሸሸው። ዋነኞቹ ማሮናውያን የሚባሉት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ 400 ዓመት ያህል ፓትርያርኮቻቸው በቃኑቢን ገዳም፣ ከቋጥኙ ጋር በተጣበቀ ቤት ተቀመጡ።

በዚህ በቃኑቢን ስለ መሪና ይተረካል። በእኛ ስንክሳር እንባ መሪና የምትባለው ናት። አባቷ ሚስቱ ሞታበት ሊመንን ሲነሣ ሴት ልጁን የወንድ ልብስ አልብሶ ይዟት ገባ። አባቷ ከሞተም በኋላ ማንም ሳያውቅባት ወንድም ተብላ ኖረች። አንድ ቀን የአንድ ባለ ማደሪያ ቤት ልጅ አርግዛ ብትገኝ ያ መነኩሴ ነው አለች። መሪና እኔ አይደለሁም ለማለት አንዲት ቃል ይበቃት ነበር፤ አልተናገረችም። ከገዳም ተባረረች። ሕፃኑ ሲወለድ አምጥተው ጣሉባት፤ በደጃፉ ተቀምጣ እየለመነች አሳደገችው። እውነቱ የታወቀው ሞታ ሊገንዟት ልብሷን ሲያወልቁ ነው። ሌሎች አገሮችም መሪና የእኛ ናት ይላሉ። ቃኑቢን ግን በስሟ የዋሻ ጸሎት ቤት አላት፤ ብዙዎቹ ፓትርያርኮችም የተቀበሩት እዚያው ነው።

የእኛም ሰዎች እዚህ ገደል ደርሰዋል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኤህደን በተባለችው ከተማ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ሰፍረው ነበር። አካባቢው ገዳሙን የሐበሾቹ ያዕቆብ እያለ ይጠራው ነበር። ነገር ግን የኛዎቹ በሃይማኖት ከሶርያ ያዕቆባውያን ጋር አንድ ናቸው፤ ማሮናውያኑ ደግሞ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብረዋል። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ጠቡ ከረረና መነኮሳቱ ከኤህደን ተባረሩ። ቅርስ ሲባል የተስማማው ብቻ የሚነገር ይመስለናል፤ የተጣላውም የቦታው ታሪክ ነው። ዛሬ በሊባኖስ ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ። የቆላው ሙቀት ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ኤህደን ሲወጣ እነሱም አብረው ይወጣሉ። ከዚያ ገዳም ብዙ በማይርቅ ወጥ ቤት ቆመው የሐበሾቹን ነገር የነገራቸው ሰው መኖሩን እንጃ።

ከኤህደን ብዙም ሳይርቅ ቆዝሐያ አለ፤ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም። የአእምሮ ሕሙማን ይፈወሳሉ ተብሎ በሰንሰለት እየታሰሩ የሚያድሩበት ዋሻ ነበረው፤ ሰንሰለቱ ዛሬም አለ። የጠበል ቦታ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በዚሁ ገዳም በ1610 ማተሚያ መሣሪያ ገብቶ መዝሙረ ዳዊት ታተመ፤ በአንድ በኩል ሱርስት፣ በሌላው በኩል በሱርስት ፊደል የተጻፈ ዐረብኛ። ማተሚያን የሚያህል ብረት በዚያ ቁልቁለት ማን እንዴት እንዳወረደው ሳስበው ከመጽሐፉ ይልቅ በቅሎዎቹ ያሳዝኑኛል።

ገደሉ ግን ሁሉንም አላስጣለም። በ1283 የግብፅ ገዥዎች የማምሉኮች ሠራዊት ሐደት የተባለውን መንደር ሲከብብ ሕዝቡ ዓሲ አል-ሐደት ወደሚባለው ዋሻ ሸሸ። ከ1989 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ሊባኖሳውያን ዋሻ አሳሾች ገብተው ወለሉን ሲቆፍሩ፣ ደረቁ አየር 700 ዓመት ሙሉ ሳያበሰብስ ያቆያቸውን ሬሳዎች አገኙ። ከነሱም አንዷ የጥቂት ወራት ሕፃን ናት፤ ልብሷ ከነጥልፉ አልጠፋም። ከፊሎቹ ዛሬ በቤይሩት ብሔራዊ ሙዚየም ይታያሉ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ከበባው ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ሕፃኗ ምን እንደለበሰች፣ ልብሷ እንዴት እንደተጠለፈ የሚነግረን ዋሻው ነው።

ወደ ዝግባው እንመለስ። መነኮሳቱና ገበሬዎቹ ተራራውን አልጠበቁትም ወይ? በከፊል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው እርከን ሠሩ፣ ወይንና ወይራ፣ ኋላም ፖም ተከሉ፤ አፈሩ ያልተሸረሸረው በዚህ ነው። ፍየሎቻቸው ግን ከመሬት የበቀለውን ቡቃያ ሁሉ ቀረጠፉ። ያረጀው ዛፍ ይኖራል፣ የሚተካው የለም። ከብሸሪ በላይ ያለውና የእግዚአብሔር ዝግባ የሚባለው ጥንታዊ ደን ጥቂት መቶ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቀርተውት ሳለ በ1876 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር የሚታጠርበትን ወጪ ሸፈነች። የወጪውን ዓላማ እወደዋለሁ፤ ፍየልን መከልከል! ለመቁረጥ ሳይሆን ለማብቀል የተሠራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ቱርኮች ለባቡር ማገዶ የሊባኖስን ደን ሲጨፈጭፉት አጥሩ የሚያድነው ያችኑ አንዲት ቦታ ነበር።

ደኑን የሚከልል የአገር ሕግ ደግሞ በ1992 መጣ። የ15 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ መንገዱ እንኳ ሳይጠገን፣ ከኤህደን አጠገብ ያለው ሆርሽ ኤህደን የተባለው ደን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከ1,000 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ያለበት ነው፤ ለዚያች ጠባብ አገር ብዙ ነው። የኪልቅያ ፈር የሚባለው ዛፍ ከቱርክ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ የመጨረሻው ድንበሩ ይህ አካባቢ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አይገኝም። ተኩላም የዱር ድመትም አለ። በ1998 ደግሞ ዩኔስኮ የቃዲሻን ሸለቆና የእግዚአብሔር ዝግባን ደን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ገዳሙንና ዛፉን አለመለያየቱ ትክክል ነው፤ ሁለቱንም ያቆየው አንድ አስቸጋሪ ተራራ ነውና።

እንዲህ ሁሉም ነገር የተስተካከለ በመሰለበት ወቅት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከሸለቆው ማዶ በታኑሪን ደን ዝግባዎቹ እሳት የለበለባቸው መስለው ቡናማ ሆኑ። መጥረቢያ የለ፣ ፍየል የለ። ሲመረመር አንዲት ትንሽ ነፍሳት ተገኘች፤ ሳይንስ ከዚያ በፊት አያውቃትምና በደኑ ስም ተሰየመች። ትሏ ለጋውን ቅጠል ትበላና ወርዳ አፈር ውስጥ ትደበቃለች። ድሮ በረዶው ወፍራም፣ አፈሩም ለብዙ ወራት ቀዝቃዛና እርጥብ ስለነበር አንዳንዷ ከአንድ ዓመት በላይ ተኝታ ትቆይ ነበር። በረዶው ሲሳሳና አፈሩ ሲሞቅ በየዓመቱ በብዛት መውጣት ጀመረች። ወረራዋን በመድኃኒት ርጭት መቆጣጠር ተችሏል። በረዶውን ግን ማን ይርጭ?

በረዶው ለዝግባው ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ እየተፈረፈረ ዘሩን ያዘንባል፤ ዘሩም በረዶ ሥር ብርድ ካልነካው በወጉ አይበቅልም። ሙቀቱ ሲጨምር ደኑ ሽቅብ መሸሽ አለበት፤ ሽቅብ ደግሞ ተራራው ያልቃል። የሳይንስ ሰዎቹ የሚሰጉት በያዝነው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዝግባ በሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ ብቻ እንዳይቀር ነው። የድንጋይ አጥርም ሕግም ለዚህ አይሆንም።

ስለዚህ ሰዎቹ በእጃቸው ያለውን ይሠራሉ። ዘሩን ለቅመው ፍሪጅ ውስጥ ያከርሙታል፤ በረዶው የሚሰጠውን ብርድ ከዚያ እንዲያገኝ። ከዚያ ችግኝ ጣቢያ ያፈሉትና ከአሮጌዎቹ ዛፎች ከፍ ባለ ቦታ ይተክሉታል። ዝግባ ፍሬ መያዝ የሚጀምረው 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በ30 ዓመቱ የተከለ ሰው የችግኙን ፍሬ ለማየት 70 ሊሞላው ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየበጋው ውሃ የሚያወጣለት፣ አጥሩን የሚጠግንለት ሰው ያስፈልገዋል።