ጅራታም ኮከብ ያገኘችው ካሮላይን

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ደም መስላ ያመሸች ዕለት የት ነበራችሁ? እኔ ቤይሩት በረንዳ ላይ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ቀኑ እሁድ ነው፤ የእኔ እሁድ ግን እረፍት የለውም። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሃል ገብታ ጥላዋን ጣለችባት፤ ጨረቃም 82 ደቂቃ ያህል ቀልታ ቆየች። የቀላችው በምድር ዙሪያ ያለው አየር ቀዩን የፀሐይ ብርሃን አሳልፎ ስለሚያደርሳት ነው።

ሥራ ስጨርስ ስለ ጨረቃ በስልኬ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ጨረቃ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአንዲት ሴት ስም የሚጠራ ጉድጓድ አለ። ሴትዮዋ ካሮላይን ሄርሼል ትባላለች። ልጅነቷን በማድቤት አሳልፋ፣ አገሯን ለቃ የተሰደደች ሴት ናት። ታሪኳን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካሮላይን በ1750 ጀርመን አገር ሃኖቨር ከተማ ተወለደች። አባቷ የወታደር ባንድ ሙዚቀኛ ነበር። እሱ ሊያስተምራት ይፈልግ ነበር፤ እናቷ ግን ለሴት ልጅ ከቤት ሥራ ያለፈ ትምህርት ምን ያደርግላታል ባይ ነበረች። በ10 ዓመቷ ተስቦ ያዛትና ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ላይ ቀረ። ይቺን ማን ያገባታል ተባለ፤ የቤቱ ሥራም በእሷ ላይ ወደቀ።

22 ዓመቷ ሲሆን እንግሊዝ አገር በሙዚቃ የሚተዳደረው ወንድሟ ዊልያም ሊወስዳት መጣ። እናትየው የተስማማችው በካሮላይን ምትክ ሠራተኛ የምትቀጥርበትን ገንዘብ በየዓመቱ ሊሰጣት ቃል ሲገባ ነው። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እስከዚያ ቀን የካሮላይን ሥራ ዋጋ የለውም ነበር፤ ልትሄድ ስትል ግን ዋጋው ታወቀ። እሷ ደሞ ለሁለት ዓመት የሚበቃቸውን ካልሲ ሠርታላቸው ነው የወጣችው። እኛስ በርበሬውን ሽሮውን ለእናታችን አስፈጭተን አይደል የወጣነው?

በ1772 ባዝ ከተማ ገባች። ወንድሟ ቁርስ ላይ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስተምራታል፤ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ዊልያም በኮከብ ፍቅር ተይዞ ቴሌስኮፕ በገዛ እጁ መሥራት ጀመረ። መስታወቱ የሚፈስበት ቅርጽ የሚሠራው ከፈረስ ፋንድያ ነበር። ያንን ሁሉ ፋንድያ በሙቀጫ ወቅጦ በወንፊት መንፋት ነበረባቸው፤ ካሮላይንም ወቃች፣ ነፋች። አንድ ጊዜ ዊልያም መስታወት ሲወለውል 16 ሰዓት እጁን ሳያነሳ ቆየ፤ እሷ ናት ምግቡን አፉ ውስጥ እየጨመረች ያበላችው።

በ1781 ዊልያም ዩራኑስ የምትባለውን ፕላኔት አገኘ። ንጉሡም በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጡለት። እሷ ሌሊቱን አጠገቡ ሆና እሱ የሚላትን ስትጽፍ ታድራለች፤ ደሞዝ ግን የላትም። በ1783 የመጨረሻ ሌሊት ፍጠኚ ሲላት በጨለማ በረዶ ላይ ስትሮጥ የብረት መንጠቆ ጭኗን ያዛት፤ ሥጋዋም ተቦጭቆ ቀረ። አንድ ሐኪም ወታደር እንዲህ ቢቆስል ኖሮ ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ይታከም ነበር አለ። እሷ ግን ወታደር አይደለችም።

ዊልያም ጅራታም ኮከብ እንድትፈልግ ትንሽ ቴሌስኮፕ ሰጥቷት ነበር። ጅራታም ኮከብ የምንለው በእውነቱ ኮከብ አይደለም፤ የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ በረዶው ይተንና ጅራት ያወጣል። ገና በሩቅ ሳለ ግን ጭጋግ የመሰለች ነጥብ ብቻ ናት። የምትለየው በማግስቱ ስትታይ ቦታ ከቀየረች ነው።

ነሐሴ 1786 ዊልያም ወደ ጀርመን ሄዶ እሷ ቤት ቀርታለች። በወሩ መጀመሪያ ሌሊት እንዲህ ያለች ነጥብ አየች፤ መዘገበችም። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲገለጥ ነጥቧ ቦታ ቀይራለች! ካሮላይን ለሁለት ሊቃውንት ደብዳቤ ሳትጽፍ አልተኛችም። ወንድሜ ሲመጣ ይናገርልኝ አላለችም፤ በራሷ ስም ጻፈች።

በ1787 ንጉሡ በዓመት 50 ፓውንድ ቆረጡላት። የመጀመሪያው የሦስት ወር ክፍያ 12 ፓውንድ ተኩል ነበር። በሕይወቷ እንደፈለገች ልታወጣው የምትችለው የመጀመሪያ ገንዘቧ እሱ መሆኑን ራሷ ጽፋለች። ያኔ 37 ዓመቷ ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የመጀመሪያ ደሞዜን ሳልቆጥረው አገር ቤት የላክሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

እስከ 1797 ድረስ ስምንት ጅራታም ኮከቦችን አየች። በ1795 ያየችው ግን ዛሬ በእሷ ስም አይጠራም፤ ኋላ ላይ መንገዱን በሒሳብ ባሰላው በኤንከ ስም ነው። በየሦስት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ተመልሶ ይመጣል። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ማየቷን ማንም አይክድም፤ ቀኑን ጽፋዋለችና። በ1828 የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። በ1848 በ97 ዓመቷ ተወለደችበት ከተማ አረፈች።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁበት ቤት የአምስት ወር ደሞዜ ቀርቷል። ለመጠየቅ ስሄድ "የትኞቹ ወሮች ናቸው?" ተባልኩ፤ በጣቴ ስቆጥር ተምታታብኝ። ማዳም ግን ወረቀት ነበራት። አሁን ትራሴ ሥር ደብተር አለኝ። የተነሳሁበትን፣ የተኛሁበትን፣ የተከፈለኝንና የቀረብኝን ከነቀኑ እጽፋለሁ። ጳጉሜን 2 ደግሞ "ጨረቃ ቀላች፣ እኔም አየሁ" ብዬ ጽፌያለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ጀምሩ።