ተኳሹ ሲወደስ፣ ባለእጁ ሲሰደብ

በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ እዚያ ሲደርስ የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቀ። ዋነኛው «ኤም ዋን» ነበር፤ ስምንት ጥይት የሚጎርስ፣ በተተኮሰ ቁጥር ራሱን የሚያቀባብል ጠመንጃ።

ይህ ጠመንጃ አንድ ድካም አለው። ብረቱ የሚያርፈው እንጨት ላይ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲያረጅ ይላላል። ብረቱ በማረፊያው ውስጥ ጥቂት ከተነቃነቀ፣ ተኳሹ የቱንም ያህል ቢያነጣጥር ጥይቱ ከሩቅ ዒላማ ይስታል። የአሜሪካ ጦር ጠጋኞች ከኮሪያ ጦርነት በኋላ በውድድር ጠመንጃዎች ላይ መላ አበጁለት፤ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ደርቆ በሚጠነክር የፋይበርግላስ ሙጫ ሞሉት። ብረቱ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ ጀመር።

ኢላማ መምታት እንግዲህ የዓይንና የክንድ ብቻ ሳይሆን የባለእጅም ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ፉከራው ሁሉ ለተኳሹ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ይገለል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ነው። የአድዋው ውጅግራም ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸው በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ።

አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ክብርን ግን አያመጣም። ጠመንጃ በገንዘብ ይገዛል፤ የሚጠግነውን እጅ የሚያፈራው እጁን የሚያከብር አገር ነው።