የደንበኛ ዝርዝር ማጣሪያ ከየት መጣ?

ዛሬ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ የደንበኞች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩን ከፍቶ «የአዳማዎቹን፣ ሦስት ወር ምንም ያልገዙትን ብቻ» ይልና ማጣሪያውን ስም ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። ዛሬ የገዛ ደንበኛ ነገ ከዝርዝሩ ላይ የለም። ማንም አልሰረዘውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) እንደ አይቢኤም አይኤምኤስ ባሉት ሥርዓቶች መረጃ የሚቀመጠው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር። አዲስ ጥያቄ ካለህ ፕሮግራመር ለምነህ፣ መንገዱን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያጽፉሃል።

በ1970 የአይቢኤም ባልደረባ ኤድጋር ኮድ (ስሙ ነው እንጂ ከኮምፒውተር ኮድ ጋር አይገናኝም) አንድ ጽሑፍ አወጣ። በጦርነቱ ጊዜ አብራሪ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። መረጃው በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሰው የሚፈልገውን ይናገር፣ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ አለ። ከዚህ ነው «ቪው» የሚባለው የመጣው። ቪው የተቀመጠ ጥያቄ እንጂ ቅጂ አይደለም። እኛ መምህራን የወደቁትን ከሮስተር ለይተን በሌላ ወረቀት ስንገለብጥ፣ አንድ ውጤት ከተስተካከለ ሁለቱንም ማረም ግድ ነው። በቪው ግን የሚታረመው ሮስተሩ ብቻ ነው።

የሚያስቆጨው፣ አይኤምኤስ ገንዘብ እያመጣለት ስለነበር አይቢኤም አልቸኮለም። የእነሱን ጽሑፍ ያነበበው ላሪ ኤሊሰን ግን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1979 ኦራክልን ገበያ ላይ አዋለ፤ አይቢኤም የተከተለው በ1981 ነው። ኋላ የደንበኛ ሶፍትዌርን ያስፋፉት ቶም ሲብልና የሴልስፎርሱ ማርክ ቤኒዮፍ ሁለቱም ከኦራክል ቤት የወጡ ናቸው።